ለገብረ ሕይወት የተገዛ ብርጭቆ

ፍቅረ ሥላሴ ከብቸና ተነሥቶ ሞጣ ድረስ የሄደው ብርጭቆ ሊገዛ ነው። ሌላ ጉዳይ አልነበረውም። ሚስቱ ወለተ ሐና ይህን ስትሰማ የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ ቀና አለች።

«ብቸና ብርጭቆ ጠፋ?»

«የውስኪ ብርጭቆ የለም።»

«መለኪያ አለን። አሥራ ሁለት መለኪያ በሣጥን ተቀምጧል።»

«መለኪያ የአረቄ ነው።»

«ያም ያሰክራል፣ ይኸም ያሰክራል። ምን ለየው?»

ኮቱን ደረበ፣ ጃንጥላውን ያዘና ወጣ። ነሐሴ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው።

ፍቅረ ሥላሴ ሠላሳ አንድ ዓመት ከብት ሲከትብ የኖረ ሰው ነው። ከቀበሌ ቀበሌ በበቅሎ እየዞረ በሬውንም ላሙንም ፍየሉንም ወግቷል። ከዚያ ሥራ አንድ ነገር ይዞ ወጣ። መድኃኒት ሁሉ የራሱ ዕቃና የራሱ ልክ አለው። ልኩ ሲያልፍ ላሚቱ ትሞታለች፤ ሲጎድልም አትድንም። ጡረታ ከወጣም በኋላ ጨው ሲጨምሩ ሲያይ እንኳ ስንት ማንኪያ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ሚስቱ በዚህ ትስቅበት ነበር። ሳቋ ከቆመ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ከስድስት ዓመት በፊት ልጁ ስጦታው ሚኒባስ እየነዳ ከሞጣ ወደ ብቸና ሲመጣ፣ ደብረ ወርቅ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መኪናው ተገለበጠ። ዝናብ ነበር። ፍጥነትም ነበር፤ ይህን ስጦታው ራሱ ፍርድ ቤት ቆሞ አልካደም። ሦስት ሰዎች ቆሰሉ፤ አንድ ሰው ሞተ። የሞተው ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ሀብተ ሥላሴ ነው፤ አስተማሪ ነበር፤ የግንበኛው የገብረ ሕይወት አንድ ልጅ። ፍቅረ ሥላሴና ገብረ ሕይወት አጥር ለአጥር የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ልጆቻቸው በአንድ ዓመት ተወልደው፣ በአንድ ደብተር ተምረው፣ በአንድ ኳስ ተጣልተው ያደጉ ናቸው። ሀብተ ሥላሴ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውም ከጓደኛው ጋር ሊያወራ ብሎ ነው። የሟች እናት ፈንታነሽ ዓመት ሳትቆይ ልጇን ተከተለች። ገብረ ሕይወት ብቻውን ቀረ።

ስጦታው ሦስት ዓመት ታስሮ ተፈታ። ሕግ ለቀቀው፤ የሟች አባት ግን አልለቀቀውም። ገብረ ሕይወት አልዛተም፤ ጠመንጃም አልወለወለም። «እኔ በቁሜ ሳለሁ ይህን ከተማ ባይረግጠው ይሻላል» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ስጦታው ቃል አልተነፈሰም። ያቺ ቃል በቂ ነበረች። ስጦታው በደጀን አድርጎ የጥኖራ ከተማ ወረደ። እዚያ እህል መጋዘን ጆንያ ይሸከማል። እናቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ስንቅ ይዛ ሄዳ ታየዋለች። አባቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ አይቶት፣ ሲመለስ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም።

መሪጌታ ወልደ ኪዳን አራት ሽማግሌዎች አስከትለው አንድ ዓመት ሙሉ የገብረ ሕይወትን ደጅ ጠኑ። ሁለት ጊዜ በሩን አልከፈተም። ሦስተኛው ላይ አስገባቸው። ሰባተኛው ላይ ካሣ እንደማይነካ ተናግሮ «እሺ» አለ።

ውሉ እንዲህ ነው። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ገብረ ሕይወት ወደ ፍቅረ ሥላሴ ቤት ይመጣል። ይቀመጣል። የቀረበለትን ይጠጣል። ከጠጣ በኋላ ስጦታው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከጓዳ ይወጣና እግሩ ላይ ይወድቃል። ገብረ ሕይወት ድንጋዩን ያነሣለታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጁ በአባቱ ቤት ያድራል። ካልጠጣ ግን ድንጋዩም አይወጣም፤ ልጁም ወደ መጣበት ይመለሳል። ወለተ ሐና እንቁጣጣሽን ከልጇ ጋር እንደምትውል ቆጥራ ፍራሹን ፀሐይ ባየች ቁጥር ታወጣው ነበር።

ውስኪውን የላከው ስጦታው ነው፤ ጆንያ ተሸክሞ ባገኘው። ገብረ ሕይወት ምን እንደሚወድ ከልጅነቱ ያውቃል። አስፋልቱ ሲሠራ ገብረ ሕይወት የድልድይ ግንብ ይገነባ ነበር። አንድ ድልድይ ባለቀ ቁጥር መሐንዲሱ ወደ ድንኳኑ ይጠራውና ውስኪ ይቀዳለታል። ይህን ገብረ ሕይወት ለሠፈሩ ሁሉ አውርቶ አይጠግብም ነበር። «ብርጭቆው ራሱ ግንብ ነው» ይላል። «ታቹ እንደ ጡብ የወፈረ። ስትይዘው የሰው እጅ የያዝክ ይመስልሃል።» ፍቅረ ሥላሴ ይህን ወሬ በአጥሩ ላይ ሆኖ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። ሀብተ ሥላሴ ከሞተ ወዲህ ግን ወሬው ቀረ።

እንግዲህ ፍቅረ ሥላሴ የሚፈልገው ያንን ብርጭቆ ነው። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጉንጭ።

ሞጣ ከገበያው በላይ ዘይዳ የሟች ባሏን የከማሉዲንን ሱቅ ይዛ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ ትሸጣለች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ዓይኗ ፈጣን ሴት ናት። ፍቅረ ሥላሴ ጃንጥላውን ደጅ አራግፎ ገባ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ። ምን ልስጥዎት?»

«የውስኪ ብርጭቆ።»

ከጫማው እስከ ባርኔጣው አየችው። «ሆቴል ከፈቱ እንዴ?»

«አልከፈትሁም።»

«ልጅ እየዳሩ ነዋ።»

«አይደለም።»

«እሺ፤ አልጠይቅም።» በርጩማ ላይ ወጥታ አራት ዓይነት አወረደችና ባንኮኒው ላይ ደረደረችለት። «ይህ ረጅሙ የለስላሳ ነው። ውስኪ ቢቀዱበት ጉድጓድ የገባ ነው የሚመስል። ይህ ባለ እግሩ የወይን ነው። ያምራል፤ ግን የሽማግሌ ክርን ከነካው አለቀለት።»

«ይኸኛውስ?» ሆዱ ሰፍቶ አፉ የጠበበውን አነሣ።

«እሱን ባሕር ዳር ያሉት ናቸው የሚወስዱት። አሽትተው ነው አሉ የሚጠጡበት።»

«ምኑን ነው የሚያሸቱት?»

«እኔ ምን አውቄ! እኔ የምሸጠው ብርጭቆውን ነው። የሚገባበትን ቀምሼው አላውቅ፣ አልቀምሰውም።»

«አንገቱ የተቆረጠ ብርሌ ነው የሚመስል።»

«እንደሱ ብለው እንዳይናገሩብኝ፤ ገዢ ያባርሩብኛል» ብላ ሳቀች።

አራተኛው አጭር፣ ሰፊ፣ ከባድ ነበር። ታቹ አንድ ጣት ተኩል ይወፍራል። ፍቅረ ሥላሴ በመዳፉ ሲይዘው ገብረ ሕይወት በአጥሩ ላይ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ሲያሳየው የነበረውን ነገር ያዘ።

«ይህ ነው» አለ።

ዘይዳ በጥፍሯ መታችው። ድምፁ ወፍራም ነበር። «ሆቴሎቹም የሚወስዱት ይኸንን ነው። ታዲያ አይሞሉትም። ከታች ሁለት ጣት ያህል ብቻ። አንዱን አስተናጋጅ ‹ስስት ነው ወይ?› ብዬው ነበር። ‹የለም እማማ፣ ወጉ ነው› አለኝ።»

«ሁለት ጣት» አለ ፍቅረ ሥላሴ። ድሮ የመድኃኒት ትእዛዝ ሲቀበል እንደሚያደርገው ደግሞ አለው። «ሁለት ጣት።»

«ስንት ካርቶን ላድርግልዎ? ስድስት ስድስት ነው።»

«ሁለት ብርጭቆ ይበቃኛል።»

«ኧረ ጋሼ! የቀረውን አራቱን ማን ይገዛኛል? ይህ አይነጠልም።»

«በሱ የሚጠጣው ሁለት ሰው ነው። ሌላው ጠላ ይጠጣል። የዕርቅ ነው።»

ዘይዳ እጇን ከካርቶኑ አላነሣችም። «የማን ዕርቅ?»

ነገራት። ባጭሩ ነው የነገራት፤ ልጁ ሲነዳ እንደነበር፣ የማን ልጅ እንደሞተ። ስትሰማው ፊቷ ሌላ ሆነ።

«አወቅሁት። ከቆሰሉት አንዷ የእኛ ሠፈር ልጅ ሪሃብ ናት። አሁን እግሯ ድኗል፤ ወልዳለች።» ካርቶኑን ቀደደችው። ሁለቱን ለየብቻ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በመሐላቸው ጨርቅ አስገብታ አሰረችለት። «ይሂዱ ጋሼ። አላህ ልቡን ያራራልዎ።»

ብርጭቆዎቹን ጉልበቱ ላይ ይዞ ተመለሰ። መኪናው የተገለበጠበት ቦታ ሲደርስ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ሌላው ወገን አዞረ።

ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ከማሰሮ ውኃ ጨልፎ በአንዱ ቀዳ፤ ሁለት ጣቱን ከጎኑ አስተኝቶ ለካ። ትንሽ በለጠ። ደፋና እንደገና ለካ። ወለተ ሐና በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ዶሮ ሊያጠጡ ነው?»

«ልኩ ይህ ነው።»

«ለሰው? እቤትዎ ለጠሩት ሰው? ያውም ለገብረ ሕይወት?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ የማውቀው ለሰው ሲቀዱ እስኪፈስ ነው። ያላከበሩት ሰው ነው የሚጎድልበት። እባክዎ በመለኪያ ያድርጉት። መለኪያው ትንሽ ነው፤ ሞልተው ይስጡት።»

«ሌላው ሰው ላያውቅ ይችላል። ገብረ ሕይወት ያውቀዋል። መሐንዲሱ በዚህ ሲያጠጣው የኖረ ሰው ነው። በአረቄ መለኪያ ብሰጠው አቀለለኝ ይላል።»

«እርስዎ ከልክዎ ጋር ይኑሩ» ብላ ገባች። እሱ ግን ልቡ አርፎ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ለገብረ ሕይወት የሚያደርግለት ነገር አጥቶ ነበር፤ አሁን ያገኘ መሰለው።

እሑድ ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ስጦታው በጓሮ በኩል ገባ። ቅዳሜን ደጀን ነው ያደረው። ትከሻው ሰፍቷል፤ ጉንጩ ገብቷል። እናቱ አንገቱን አቅፋ አልለቀቀችውም። ድንጋዩን ከጓሮ ራሱ መረጠ። እሷ ትንሽ አሳየችው፤ እሱ ትልቁን አነሣ። አባቱ ቆሞ አየው። ልጁ ከሕፃንነቱ የማትለቀው ደረቅ ሳል አለችው፤ ሦስት ጊዜ ተከታትላ ትመጣና ትጠፋለች። የእህል አቧራ አባብሷታል።

«ሰዎቹ ሲገቡ ድምፅ እንዳታሰማ» አለው ፍቅረ ሥላሴ።

«እሺ አባባ።»

አራት ሰዓት ሲሆን ሽማግሌዎቹ ገቡ። ገብረ ሕይወት ከሁሉ በኋላ መጣ። ጢሙን ተላጭቷል። ጥቁር ሸሚዙን ግን አልቀየረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልረገጠው ደፍ ላይ ጥቂት ቆመ፤ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ገባ። ወለተ ሐና ስታየው እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዷ ይዞ አነሣት።

«ተይ፣ ተይ ወለተ ሐና። ደኅና ነሽ?»

ይህን ሲል ሰው ሁሉ ተነፈሰ። መሪጌታ ወልደ ኪዳን ጸሎት አደረሱ፤ መከሩም። ረጅም አልተናገሩም። «የሞተውን ነፍስ ይማር። የቀረውን እግዚአብሔር ያስታርቅ። በሉ፣ ይቀዳ» አሉ።

ፍቅረ ሥላሴ ጠርሙሱን ከፈተ። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት መርፌ የያዘ እጅ ነው። ሁለቱን ብርጭቆዎች ፊት ለፊት አስቀመጠ። ያን ጊዜ ከጓዳ ሳል ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አጭር፣ ደረቅ። መሪጌታ ሊሸፍኑት ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፍቅረ ሥላሴ ቀና ሳይል ቀዳ። ሁለት ጣት ቀዳ፤ አላለፈም፣ አልጎደለም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ገብረ ሕይወት ፊት አኖረ።

ገብረ ሕይወት አላነሣውም። እጁ ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጠ ብርጭቆውን አየ። ሰውም አየ። ሰፊው ብርጭቆ ባዶ ማለት ነው፤ ታቹ ላይ ብቻ ቢጫ ነገር ተኝቷል። ከሽማግሌዎቹ መካከል ከገጠር የመጡት የፍቅረ ሥላሴን ኮት ጎተቱ።

«ሙላለት እንጂ ሰውዬ!»

«ውስኪ እንዲህ ነው የሚቀዳ» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

«ይህ የእኔ ነው?» አለ ገብረ ሕይወት።

«ያንተ ነው።»

«ይህን ያህል?»

«ልኩ ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ...»

«እኔ የማውቀው አገሬን ነው።» ገብረ ሕይወት ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «በዚህ አገር ለቀን ሠራተኛም ዋንጫ ሞልቶ ይሰጠዋል። እኔ ልጄን ቀብሬ፣ ሚስቴን ቀብሬ እዚህ ቤት ብመጣ ግርጌው ላይ ጠብ ተደረገልኝ።»

«ገብረ ሕይወት! ስለ እግዚአብሔር ተቀመጥ!» መሪጌታ መስቀላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ፍቅረ ሥላሴ ጠርሙሱን አንሥቶ ደፋው። ብርጭቆው ሞላ፤ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ወደ ምንጣፉም ወረደ።

«ተነግሮህ የምትሞላውን አልጠጣም» አለ ገብረ ሕይወት፤ ጃንጥላውን ሳይዝ ወጣ።

ቤቱ ተተራመሰ። «ምን አደረግህ?» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። «አንድ ዓመት ደጅ የጠናንበትን በሁለት ጣት? ሕፃን ነህ?» ሌላው «ስስታም!» አለ፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ተሰማ እንጂ። ወለተ ሐና የጓዳውን በር በጀርባዋ ደግፋ አፏን ይዛለች። ፍቅረ ሥላሴ ባርኔጣውን ሳያደርግ ተከትሎት ሮጠ።

ገብረ ሕይወት የራሱን በር አልፎ ወርዷል። ቁልቁለቱ መሐል፣ በወጣትነቱ የሠራው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ፣ ደረሰበት። ሰውዬው አንድ እጁን ግንቡ ላይ አድርጎ ይተነፍሳል። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው።

«አትከተለኝ።»

«ስማኝ ብቻ። ብርጭቆውን ሞጣ ድረስ ሄጄ ነው የገዛሁት። ላከብርህ ብዬ...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ብርጭቆውን ሳየው አወቅሁት። መሐንዲሱ የሚያጠጣኝ በእንዲህ ያለ ነበር። ሁለት ጣት ነው የሚቀዳልኝ። አንድ ቀን ከዚያ አሳልፎ አያውቅም። አንተም አላሳለፍህም። አከበርኸኝ።»

ካፊያው ራሱ ላይ ይወርዳል። «ታዲያ ለምን?»

ገብረ ሕይወት ወደ ግንቡ እያየ ተናገረ። «ልጠጣ ነው የመጣሁ። ጠዋት ከመቃብሩ ሄጄ ነግሬዋለሁ። ‹ዛሬ ጓደኛህን እምረዋለሁ› ብዬ። ደፉንም ተሻገርሁ፣ ሚስትህንም አነሣሁ። ከዚያ ልጅህ ሳለ።»

ፍቅረ ሥላሴ ዓይኑን ጨፈነ።

«ያቺን ሳል አውቃታለሁ። ማታ በአጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ሲያጠኑ የሚቀሰቅሰኝ እሷ ነበረች። ያንተ ልጅ ይስላል፣ የእኔ ልጅ ይስቅበታል። ሁልጊዜ እንዲያ ነው። ሲስል፣ ሲስቅ። ዛሬም ሳለ። እኔ ደግሞ ሳቁን ጠበቅሁ።» ቀና ብሎ አየው። «ጠበቅሁ እኮ ፍቅረ ሥላሴ! ሳላስበው ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ሳቁ ቀረ።»

አንዲት ሴት ሰላምታ ሰጥታቸው አለፈች፤ ሁለቱም መለሱላት።

«ብርጭቆው ያን ጊዜ መጣልኝ» አለ ገብረ ሕይወት። «ሞልተኸው ቢሆን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሳላፍር መተው አልችልም፤ እጠጣው ነበር። ድንጋዩንም በእጄ አነሣለት ነበር። በልቤ ግን ድንጋዩ እንደተጫነው ይቀር ነበር። ሐሰት ይሆናል። መስቀል ፊት ሐሰት ልሠራ አልችልም። ባልሞላኸው አመለጥሁበት።»

«ይህን ለመሪጌታ ልንገራቸው።»

«አትንገር። ቃሉን የበላ ሰው ይሉኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ። አንተን እንግዳ አክባሪ አይደለም ይሉሃል። ከሁለቱ የሚቀለው እሱ ነው። ትችለዋለህ?»

«እችለዋለሁ።»

«ልጅህንም ሳልህ አትበለው። እሱስ ምን ያድርግ? ጉሮሮው ነው።»

«አልለውም።»

«ሽማግሌ አትላክብኝ። የቻልሁ ቀን ራሴ እመጣለሁ።»

«መቼ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለና ገብረ ሕይወት ግንቡን እየዳበሰ ቁልቁል ወረደ።

ፍቅረ ሥላሴ ሲመለስ ሽማግሌዎቹ ሄደዋል። ወለተ ሐና የፈሰሰውን ትወለውላለች። ቀና ብላ አላየችውም።

«በመለኪያ ብዬ ነበር። ለምኜዎት ነበር።»

«ብለሽ ነበር።»

«ልጄን በሁለት ጣት ሸጡብኝ» አለች። በአርባ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ተናግራው አታውቅም።

ስጦታው ጓዳ መሬት ላይ ተቀምጧል። ድንጋዩ ከጎኑ ነው። ጫንቃው ላይ ቀይ ሰንበር ወጥቷል፤ ሁሉ ነገር እስኪያልቅ ሳያወርደው ቆይቷል ማለት ነው።

«ደረሱበት?»

«ደረስሁበት።»

«ምን አለ?»

«ብርጭቆው አስቀይሞታል።»

«ብርጭቆው ብቻ ነው?» ልጁ አባቱን ትኩር ብሎ አየ። «ሌላ ነገር የለም? እኔን አላነሣም? ይንገሩኝ አባባ። እኔን ማየት አልችልም ካለ ልወቀው፤ እንግዲያ ተስፋዬን ልቁረጥና የትም ልሂድ።»

ሳሏ መጣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፍቅረ ሥላሴ እስክታልፍ ጠበቀ።

«ብርጭቆው ብቻ ነው» አለ። «የእኔ ጥፋት ነው። ልክ ነው ብዬ አጎደልሁበት።»

ስጦታው ብድግ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱ ላይ ጮኸ። «ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ጠብቄ በብርጭቆ? እናቴ እየነገረችዎት?»

«እየነገረችኝ።»

«ምን ነበር ቢሞሉት? ማን ይሙት፣ ምን ነበር?»

«ምንም አልነበረም። መሙላት ነበረብኝ።»

ልጁ ሌላም ሊል አፉን ከፈተ። የአባቱን እርጥብ ራስ፣ ጭቃ የነካውን ሱሪ አየ። ቁጣው ወረደ። ነጠላ አንሥቶ ራሱን አደረቀለት። «ከዚህ በላይ አይዘኑ። ብርጭቆ ከሆነ ይስተካከላል። ሰው ሲበርድለት እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል። አይረሳም?»

«ይረሳል» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መናኸሪያ አደረሰው። እናቱ አልመጣችም፤ እግሯ እንቢ አላት። የደጀን ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ስጦታው መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። አባቱ በመስኮቱ የስንቁን ፌስታል አቀበለው።

«በሚቀጥለው እናቴ ትቅዳ» አለ ስጦታው።

«እሷ ትቀዳለች።»

«በመለኪያ ይሁን። እስኪፈስ ትሙላው።»

«እስኪፈስ።»

መኪናው ሞልቶ ወጣ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ልጁ እጁን በመስኮት አወጣ፤ ከዚያ አልታየም።

መናኸሪያው በር ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ያወሩ ነበር። ሲያዩት አንደኛው ድምፁን ሳይቀንስ፣ «ልጁን ሊያስታርቅ ጠርቶት ለገብረ ሕይወት ጠብታ ቀዳለት አሉ» አለ። «ኧረ ወዲያ!» አለ ሌላው። «ስድስት ዓመት ያዘነ ሰው!» ፍቅረ ሥላሴ አጠገባቸው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። እንደምን ዋላችሁ አላቸው። መልስ እስኪሰጡት ቆሞ ጠበቀና በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።